የሁለት ቁጥር ስምሪት

የኔአለም መቀመጥ አይሆንላትም። በእህትማማች የከተማ አውቶቡስ ማህበር የስምሪት ኃላፊ ሆና በሠራችባቸው ዘጠኝ ዓመታት፣ ወንበሯ ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ ተቀምጣ ያያት ሰው የለም። ቢሮ ሲባል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መካነ ሰላም መናኸሪያ አጥር ጥግ ላይ የተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ በቃ። በዚያች አራት እርምጃ በማትሞላ ክፍል ውስጥ የኔአለም ከጧት እስከ ማታ ስትንጎራደድ ትውላለች። ሹፌር ሦስት ደቂቃ ከዘገየባት ጩኸቷ እስከ ገበያው ይሰማል። ቂም አታውቅም፤ ግን ለተናገራት ሰው መልስ ሳትሰጥ አድራም አታውቅ።

በዚያ ማክሰኞ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን ተቀመጠች። የቢሮውን ስልክ በሁለት እጇ እንደያዘች ቁጭ አለች።

መልእክቱ ከጅዳ ነው። እዚያ ሰው ቤት የምትሠራው ፈርሂያ በድምፅ ነበር የላከችው፤ ለቅሶው ንግግሯን ይቆራርጠዋል። "የኔዬ፣ ሰብሌ አረፈች። ትናንት ማታ፣ ሆስፒታል ውስጥ። የታመመችው ሦስት ቀን ነው፤ ወላሂ ሦስት ቀን ብቻ። አስከሬኗን ለመላክ እየተሯሯጥን ነው። ለጋሼ ካሳና ለእትዬ አልታዬ በወጉ ይነገራቸው። አደራ የኔዬ፣ በመንገድ እንዳይሰሙ።"

መልእክቱን ደግማ አልሰማችውም። በመስኮቱ ስታይ ካሳ ሁለት ቁጥር አውቶቡሱን አሙቆ ከመናኸሪያው በር እያወጣ ነው። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ሁለቱም እጁ መሪው ላይ ነው። ከኋላው አርባ ሰው ተጭኗል። የሰብሌ አባት፣ የእትዬ አልታዬ ባል ነው።

ማህበሩ የማን እንደሆነ ካልተነገረ የነገሩ ክብደት አይገባም። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ አርብ ቀን፣ ጅዳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሃያ ሦስት የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ ልጆች ተሰብስበው ነበር። ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ እስላም፣ ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኛ። ሰብሌ ናት ነገሩን ያነሳችው። "እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች አሉኝ" አለች። "እኛ እዚህ የሰው መኪና እናጥባለን፣ እናቶቻችን እዚያ ዳገት በእግራቸው ይወጣሉ።" የዚያኑ ቀን መዋጮ ተጀመረ። በዓመቱ ከደሴ አንድ ያገለገለ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተገዛ፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ቁጥር፣ ሦስት ቁጥር ተባሉ። ከመናኸሪያ ተነስተው በገበያውና በሆስፒታሉ አድርገው እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ይሄዳሉ፤ ከዚያ ዞረው ይመለሳሉ።

ከተማው መጀመሪያ ሳቀባቸው። ሞላ አልሞላ ሰዓቱ ሲደርስ የሚነሳ አውቶቡስ እዚህ አገር ማን አይቶ ያውቃል? የባጃጅ ነጂዎቹማ ባዶውን ሲያልፍ ባዩት ቁጥር በጥሩንባ ይሸኙት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ሰው ሰዓቱን በአውቶቡሶቹ ማስተካከል ጀመረ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ መናኸሪያው ወር ሙሉ ጭር ሲል፣ "እህትማማች ፈረሰ" ተብሎ ስንቴ ተወራ። አልፈረሰም። የሚገርመው ያው ወሬኛ ነው በማግስቱ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚገኘው።

ካሳን ወደ ማህበሩ ያመጣችው ራሷ ሰብሌ ናት። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ፣ የእድሜውን ግማሽ በየመንገዱ ያደረ ሰው ነው። "አባቴ ከእንግዲህ ማታ ማታ እቤቱ ይደር" ብላ የሁለት ቁጥርን ቁልፍ አሰጠችው። የኔአለም ደግሞ በየጧቱ አውቶቡሶቹ ሲወጡ ፎቶ አንስታ ለሃያ ሦስቱም ትልካለች። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት እንኳ እየደወለች "ወጥተዋል" ትላቸው ነበር። የሰብሌ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አባዬ ጃኬት ለብሷል?" የደጋውን ብርድ አልረሳችውም።

የኔአለም ስልኩን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ መንገዱን ተሻገረች። የማህበሩ ሰብሳቢ ሐጂ ሙሐመድአሚን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የሚለኩበትን ሜትር እንደያዙ ሰሟት። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና ሜትሩን አስቀመጡ። ቄስ ይሄነው፣ የካሳና የአልታዬ የነፍስ አባት፣ ተጠርተው መጡ። ሦስቱም ከሱቁ ጓዳ ገቡ።

"ዛሬ አይነገርም" አሉ ሐጂ። "ጧቱ አለፈ። መርዶ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም፤ ደግሞ ደጎሎ ያለው የካሳ ወንድም ሳይደርስ አይሆንም።"

"ወንድሙን እኔ አስጠራዋለሁ፤ ማታ ይገባል" አሉ ቄስ ይሄነው። "ነገ ሊነጋጋ ሲል፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ እቤታቸው እንሄዳለን። ለሁለቱም አንድ ላይ። አልታዬ ደም ግፊት አለባት፤ ያለ ሰው፣ ያለ ደጋፊ ከሰማች እሷንም እናጣታለን።"

"እስከ ነገስ?" አለች የኔአለም። "ሰውዬው መሪ ላይ ነው። አርባ ሰው ጭኖ ያን የሆስፒታሉን ቁልቁለት ይወርዳል። አንዱ አፉ አምልጦት ቢነግረውስ?"

"ከመሪው አውርጂው እንጂ" አሉ ሐጂ።

"ምን ብዬ?"

"እሱን እንግዲህ የስምሪት ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። አብሽሪ፣ አላህ ያግዝሽ።"

ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው። ከባዱን ነገ ጧት በወጉ ይሸከሙታል፤ የዛሬን ቀን ግን ማን እንደሚሸከመው አይጠይቁም። የኔአለም ወደ ቆርቆሮ ክፍሏ ተመለሰች። ውሸት አትችልበትም። ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል፣ እሷም ታውቀዋለች።

ካሳ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ሲመለስ በር ላይ ጠበቀችው። ፊቱን አየችው። ምንም የለበትም፤ ትንሽ ዓይኑ ደፍርሷል፣ አቧራ ይሆናል አለች።

"ጋሼ ካሳ፣ ፍሬኑ ይጮሃል የሚል ሰው መጥቶ ነበር። ጋራዥ ይግባና ዛሬ ይረፉ።"

"ፍሬኑ?" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ካርቶን አነጠፈ፣ ጃኬቱን አወለቀ፣ ከመኪናው ሥር ገባ። አስር ደቂቃ ቆይቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። "ምንም የለውም። ቀጣዩ ስምሪት ስንት ሰዓት ነው?"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዓቱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው የሚጠይቃት። የኔአለም ግን ያን ልብ የምትልበት ጊዜ አልነበራትም። ጭንቅላቷ የእሱ ስልክ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ቀድሞ ይደውልለት ይሆናል ብላ ፈራች።

"የቢሮው ስልክ ተበላሽቶብኛል፣ የእርስዎን ያውሱኝ እስቲ።"

ካሳ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ስልኩ ጠፍቷል። "ባትሪው አልቋል መሰለኝ" አለና ወደ መኪናው ሄደ። እሷ በልቧ ተመስገን አለች።

ወሬ ግን ስልክ አይፈልግም። ከጅዳ ሃያ ሁለት ሰው እያለቀሰ ለሃያ ሁለት ቤት ደውሏል፤ አራት ሰዓት ሳይሆን ከተማው በሙሉ ሰማ። ከሁለት ሰው በቀር፤ የኔአለም እንደዚያ ነበር የመሰላት። ሁሉም ደግሞ ሥርዓቱን ያውቃል። መርዶ ያልተነገረው ሰው ፊት አይለቀስም፣ አይወራም፣ ፊት አይጠቁርም። ስለዚህ ከተማው ከካሳ መደበቅ ያዘ። አቤት አደባበቅ። በየቀኑ መንገድ ዘግተው የሚሳደቡት የባጃጅ ነጂዎች ሁለት ቁጥር ሲመጣ ጥግ ይይዙለት ጀመር። በጆንያ ቦታ ሁልጊዜ የሚጣሉት ገበያተኞች እየተጋበዙ ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት ሲወርዱ የካሳን እጅ ይዘው አልለቅም ብለው፣ ልጃቸው ጎትታ ወሰደቻቸው። ሬዲዮ የሚያስከፍት ተሳፋሪ ጠፋ። አርባ ሰው ተጭኖ የአንድ ሰው ሳል እንኳ የማይሰማበት አውቶቡስ፣ ያ ደግ ነገር ነው?

የኔአለም በየዙሩ መካከል እብድ ሆነች። ሃምሳ ደቂቃ ነው አንዱ ዙር። ሃምሳውንም ደቂቃ በር ላይ፣ መስኮት ላይ፣ መዝገቡ ላይ፣ ተመልሳ በር ላይ። ሻይ ተቀድቶላት ቀዘቀዘ። ሌላ ተቀዳላት፣ እሱም ቀዘቀዘ። ሁለት ቁጥር በበሩ ብቅ ሲል ትንፋሿ ይመለሳል፤ ሲወጣ አብሮት ይሄዳል። በምሳ ሰዓት "ሙላው ይተካዎት፣ እርስዎ ትንሽ ጋደም ይበሉ" አለችው። "አልደከመኝም" አላት። "እንጀራ እንኳ ይቅመሱ" አለችው። "በልቻለሁ" አላት። ሲበላ ግን ያየው ሰው የለም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የሦስት ቁጥሩ ሹፌር ሙላው እየሮጠ ገባ። ሙላው ሳቂታ ነው፤ ያን ቀን ግን ከንፈሩ ደርቋል።

"ጋሼ ካሳን አየሁት" አላት። "ከሆስፒታሉ በላይ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። ሰው እንደተጫነ ነው። መሪውን ይዞ ዝም ብሎ ያያል። ተሳፋሪውም ዝም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። ከዚያ አስነስቶ ቀስ ብሎ ወረደ። የኔአለም፣ አንድ ነገር ሳይሰማ አልቀረም።"

ሰምቶም ሆነ ጠርጥሮ፣ ያን ቁልቁለት ከእንግዲህ መውረድ የለበትም። አርባ ሰው ነው። ቢገለበጥ የአርባ ሰው እናት ታለቅሳለች። እንግዲህ የሚቆርጥ ውሸት ያስፈልጋል አለች በልቧ፤ ከመኪናው ሥር ገብቶ የማይጠግነው ውሸት።

ካሳ ስምንት ሰዓት ላይ ሲገባ ወደ ክፍሏ ጠራችው። በሩን ዘጋች። ዓይኑን ላለማየት መዝገቡን እያገላበጠች ነው የተናገረችው።

"ጋሼ ካሳ፣ ቦርዱ ተሰብስቦ ነበር። እድሜዎን አይቶ... ጡረታ ይውጡ ብሏል። ከዛሬ ጀምሮ።"

ካሳ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። የኔአለም ይጮህብኛል፣ ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። እንዲሰድባት ፈልጋ ነበር፤ ይቀላት ነበር።

"ዛሬውኑ?" አለ።

"ዛሬውኑ።"

"ነገ አይሆንም?"

"ጋሼ..."

"የዛሬን ብቻ ልሥራ የኔአለም። እስከ ማታ ብቻ። ከፈለጋችሁ ሰው ሳልጭን ልንዳ።" ድምፁ ልመና ነበረበት። ይኼ ሰው፣ ማንንም ምንም ለምኖ የማያውቅ ሰው። የኔአለም የሥራ ፍቅር መሰላት።

"አይቻልም" አለችው። ጆሮዋ እንደ እሳት ነደደ።

ካሳ ቁልፉን መዝገቡ ላይ አስቀመጠ። ስልኩንም አልጠየቀም። ወጥቶ የመናኸሪያው በር ላይ ትንሽ ቆመ። ቤቱ በግራ በኩል ነው፤ እሱ ግን ወደ ቀኝ ሄደ።

የኔአለም መዝገቡ ላይ "ሁለት ቁጥር፣ ቆሟል" ብላ ጻፈች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጽፋው አታውቅም። እስክሪብቶውን ወረወረችው፣ አነሳችው፣ ደግማ ወረወረችው። የቁልቁለቱስ ስጋት ቀረ፤ አሁን ደግሞ ሰውዬው በእግሩ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ እግዜር ይወቅ። እከተለው ይሆን? ምን ብላ? በር ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች። የሁለት ቁጥር ትኬት ቆራጯ ሥራ ስለቆመ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር፤ እሷንም አላስተዋለቻትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ቄስ ይሄነው ናቸው።

"ካሳ እዚህ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነው" አሉ። "የኔአለም፣ ሰውዬው ያውቃል።"

"ማን ነገረው?"

"ማንም። ከእኛ በፊት ነው ያወቀው። ትናንት ማታ ከሆስፒታሉ በልጅቱ ስልክ ደውለው፣ አንዲት ሐበሻ አስተርጓሚ እንደ ቀላል ነገር አረዳችው። ሥርዓቱን የት ታውቀዋለች። እሱ ደግሞ ከእሱ በቀር የሰማ ያለ አልመሰለውም። ከአንዱ ቢተነፍስ ወሬው ቀድሞ አልታዬ ጋ እንዳይደርስ ፈርቶ፣ 'ሥራ ውዬ ማታ ለአባ እነግራለሁ፣ እሳቸው ሰው ሰብስበው ለአልታዬ ያርዱልኛል' ብሎ ነበር። አሁን እኔን እየለመነኝ ነው፤ 'ልጄ ሞታለች፣ ሽማግሌ ይሰብስቡልኝ' እያለ። እኛ ከእሱ ስንደብቅ፣ እሱ ከእኛ ሲደብቅ ዋለ። በይ ጠብቂን፣ ይዤው እመጣለሁ፤ ሐጂንም ጥሪያቸው።"

የኔአለም ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ያዘች። "ነገ አይሆንም?" ያላት ለሥራው አልነበረም። ቤቱ መግባት አልቻለም። አልታዬ ፊቱን ካየች ታውቅበታለች። መሪው ላይ ነበር የተደበቀው፣ እሷ ናት ከመደበቂያው ያስወጣችው። ምነው እጄን በሰበረው፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ሐጂን ለመጥራት ልትወጣ ስትል ነው ከበሩ አልታዬን ያየቻት።

አልታዬ ጃንጥላዋን እንደ ዱላ ጨብጣ እየመጣች ነበር። ጎረቤቷ ትኬት ቆራጯ በእሷ "ምነው ዛሬ በጊዜ ገባሽ?" ስትባል ሌላ የምትለው ጠፍቷት "ጋሼ ካሳን ጡረታ አወጧቸው" ብላ አምልጣለች። አልታዬም ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታደርግ ነው የተነሳችው። ቀጭን ናት፣ አጭር ናት፣ ስትቆጣ ግን መናኸሪያው ይጠባታል።

"የኔአለም፣ ነይ ውጪ" አለች ከሩቅ። "ነይ ሰው ፊት ንገሪኝ። ባሌ ምን አደረገሽ? ጠጥቶ ነዳ? ሰው ገጨ? አንድ ቀን ዘግይቶብሽ ያውቃል?"

የኔአለም ወጣች።

"ዘጠኝ ዓመት በብርድ በዝናብ ሲነዳ አረጀ ያላችሁት የለም። ዛሬ ምን አገኛችሁበት? ይቺን መኪና እኮ ልጄ የሰው ቤት ጠርጋ፣ የሰው ልጅ አዝላ፣ እጇ እስኪላላጥ አጥባ ነው የገዛቻት። በልጄ መኪና ባሌን የምታባርሪው አንቺ ማን ነሽ? እስቲ ማን ነሽ?"

መናኸሪያው ቀጥ አለ። ሻይ ሻጯ ብርጭቆ ማጠቡን ተወች። ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን እንደያዙ ቆሙ። ባጃጆቹ ሞተር አጠፉ። ሌላ ቀን ቢሆን ግማሹ ለአልታዬ፣ ግማሹ ለየኔአለም ወግኖ ይንጫጫ ነበር፤ ገላጋዩም ከተጣዪው ይበዛ ነበር። አሁን ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

"መልሺልኝ እንጂ" አለች አልታዬ። ድምጿ ትንሽ ወረደ። "አንቺ እኮ ዝም የምትይ ሰው አይደለሽም። ስደቢኝ።"

"እትዬ አልታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ይቅርታሽን ምን ላድርገው። ያን ስልክ ስጪኝ። የማህበሩን ስልክ። ለሰብሌ እደውልላታለሁ። የምትሠሩትን ትስማ።"

ስልኩ የኔአለም እጅ ውስጥ ነው። አልታዬ እጇን ዘረጋች። የኔአለም ምን እንደምታደርግ ሳታስበው ስልኩን ከጀርባዋ ደበቀችው፤ ልጅ የሰረቀውን እንደሚደብቅ። ደብቃው ስታበቃ ነው ያደረገችው የገባት።

አልታዬ የተዘረጋ እጇን አልሰበሰበችም። የኔአለምን አየች። ዞር ብላ ሻይ ሻጯን አየች። የተሸካሚዎቹ አለቃ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ሐጂ ሙሐመድአሚን ከሱቃቸው ወጥተው መንገዱ መሃል ላይ ደርቀዋል።

"ካሳ የት ነው?" አለች። "የት ሄደ? ምን ሆነብኝ?"

"ደህና ናቸው እትዬ፣ በእግዜር ደህና ናቸው" አለች የኔአለም። ይኼ እውነት ስለሆነ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አልታዬ ግን አላመነቻትም። ጃንጥላው ከእጇ ወደቀ። "ገጨ? ተገለበጠ? ንገሩኝ እንጂ፣ ሰው አይደላችሁም?"

በዚያው ቅጽበት ካሳ ከቄስ ይሄነው ጋር በመናኸሪያው በር ገባ። በእግሩ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ።

አልታዬ ስታየው ፊቷ በራ። "ተመስገን፣ ተመስገን አምላኬ" አለች፣ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ሮጠች። ሦስተኛውን አልረገጠችም። ፊቱን አየችው። ከዚያ ቄሱን አየች፣ ከዚያ ያን ሁሉ የቆመ ሰው። ባሏ በሕይወት ካለ ይኼ ሁሉ ሰው የሚያዝነው ለማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ያላቸው አንዲት ልጅ ናት።

"ሰብሌ ናት?" አለች።

ካሳ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ከኋላ አንዲት ሴት ድምጿን አውጥታ ልትጮህ ስትል አልታዬ እጇን አነሳች፤ ቆዩ እንደማለት። የኔአለም ልትደግፋት ቀረበች፤ አልታዬ አላየቻትም፣ ዓይኗ ካሳ ላይ ብቻ ነው።

"መቼ ሰማህ?"

"ማታ። በእሷ ስልክ ደወሉ። ለጥ ብለሽ ተኝተሽ ነበር።"

"ትናንት ማታ?"

"ሰው በሌለበት እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ቤት ውስጥ እኔና አንቺ ብቻ። ብትወድቂብኝ ማን ያነሳሻል ብዬ... እስኪነጋ አጠገብሽ ተጋደምኩ። ሳትነሺ ወጣሁ። ፊቴን እንዳታይ ስነዳ ልዋል ብዬ ነው።"

አልታዬ ቀርባ ሁለት እጆቹን ያዘች። ጥፍሮቹ ሥር ከጧቱ የገባ የመኪና ግራሶ አለ። ብዙ ጊዜ ያላት ይመስል እጆቹን ስታይ ቆየች፤ መናኸሪያው በሙሉ የእሷን ጩኸት ይጠብቃል።

"ምነው ብትቀሰቅሰኝ፣ የሰብሌ አባት" አለችው። "ሌሊቱን ሙሉ ብቻህን?"

ካሳ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።